ሊቀመንበሩ ዝም ያለ ዕለት

በጎፋ፣ በነፋስ ስልክ ወይም በላፍቶ የኖረ የእኔ ዘመን ሰው ሆኖ እኔን የማያውቅ ካለ፣ ሸሚዝ ለብሶ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። ልብስ ሰፊው ጌታሁን እኔ ነኝ። ዛሬ ዓይኔ የመርፌ ቀዳዳ መለየት ቢያቅተውም፣ ሰው ከበር ሲገባ የወገቡን ልክ አይቼ እናገራለሁ፤ ከአንድ ጣት በላይ ስቼ አላውቅም። የትምህርት ቤት ግቢ የረገጥኩት የተማሪ ዩኒፎርም ልለካ ስሄድ ብቻ ነው። ፊደል የለየሁት ጨርቅ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። እንዲያም ሆኖ ብዙ የተማሩ ሰዎች ሱቄ ደጃፍ ቆመው «ጋሼ፣ ይኼ አበባ ምን ይባላል?» ይሉኝ ነበር። እኔም እነግራቸው ነበር።

የአበባው ነገር እንዲህ ነው የጀመረኝ። ስድስቱን ቀን የስፌት መኪናዬ ላይ ጎብጬ ስረግጥ እውልና ወገቤ ያመኛል። ሐኪሙ «በእግርህ ሂድ» አለኝ። እሑድ እሑድ ከጎፋ ወደ ላፍቶ ወንዝ እየወረድኩ መራመድ ያዝኩ። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ የምሄድ ሰው አይደለሁም። አንድ ቀን አንዲት ሐምራዊ አበባ ነቅዬ አመጣሁ፤ ጋዜጣ ውስጥ ከትቼ በጣቃ ጨርቅ ተጫንኳት። ስትደርቅ ካርቶን ላይ አስቀምጬ በመርፌና በቀጭን ክር ሰፋኋት። ሙጫ ያቆሽሻል፤ ክር ግን ቅጠሉን ሳይጎዳ ይይዛል። ይህን ማንም አላስተማረኝም። በኋላ መምህርት ሮማን የምትባል የባዮሎጂ አስተማሪ አይታ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ በዓለም ላይ የሚሠራበት ዘዴ ነው» አለችኝ። «ዓለምም ልብስ ሰፊ ይኖረዋላ» አልኳት።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ካርቶኖቹ ሳጥን ሞሉ፤ ከዚያም ሳጥኖች ሆኑ። በእያንዳንዱ ሥር የአማርኛውን ስም፣ በዚያ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች የሚጠሩበትን የኦሮምኛ ስም፣ የበቀለበትን ቦታ እጽፋለሁ። ላፍቶ ማለት ራሱ ግራር መሆኑን ለስንት ጎረቤት ያስረዳሁ እኔ ነኝ። ሰዎችም አብረውኝ መሄድ ጀመሩ። መምህርት ሮማን መጣች፤ ከሱቄ ጎን ሸቀጥ የሚነግደው ከድር መጣ። ከድር አበባ ከአበባ አይለይም፤ የሚመጣው ለጨዋታው ነበር። ሥራችን መመዝገብ እንጂ መድኃኒት መቀመም አልነበረም። «ዕፁን በሥውር ካልበጠስከው፣ ከተናገርክ ኃይሉ ይጠፋል» የሚሉ ሰዎች ሲመጡ እስቅባቸው ነበር። «ቅጠል ጆሮ የለውም» እላቸዋለሁ። ይህን አባባሌን አስታውሱልኝ።

የዚያን ጊዜ የቀበሌያችን ሊቀመንበር መርሻ ይባል ነበር። ስሙን ቀይሬዋለሁ፤ ሰውዬው በሕይወት አለና። ያቺን ሁልጊዜ የሚለብሳትን ካኪ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። የግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከውስጥ ጨርቅ ደርቤ አስተካክዬለት፣ ቀጥ ብሎ የተፈጠረ ሰው አስመስዬዋለሁ። ውለታዬን በምን እንደከፈለኝ ልንገራችሁ።

አጉል እምነት ይጥፋ የሚል ዘመቻ ተጀምሮ ነበር። አንድ ጠዋት ሁለት ጠመንጃ ያነገቡ አብዮት ጠባቂዎች ሱቄ ገብተው ሳጥኖቼን አወጡ። ተከትዬ ሄድኩ። የቀበሌው ግቢ ሕዝብ ሞልቷል። መርሻ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ እንዲህ አለ፦

«ጓዶች! ይህ ልብስ ሰፊ መስሎ የሚኖር ሰው ቅጠል በጣሽ ነው! ልብሱን አውልቆ፣ ባዶ እግሩን፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ አፉን ዘግቶ ዕፅ የሚቆርጥ፣ ሕዝብ የሚያታልል የፊውዳል ርዝራዥ ነው!»

ካርቶኖቼ ላይ ጋዝ ደፉባቸው። ክብሪቱን ግን ማንም አልጫረም። መርሻ ወደ እኔ ወረወረው።

«ራስህ ለኩሰው። ከዚያ ‹ቅጠል በጣሽ ነኝ፣ ሕዝብ አታልያለሁ› በል።»

ጠመንጃዎቹን አየኋቸው። ለኮስኩ። በል ያለኝንም አልኩ። ካርቶኑ ነዶ ካለቀ በኋላ ክሮቹ ብቻቸውን ቀይ ሆነው ለጥቂት ጊዜ ይታዩ ነበር፤ የሰፋሁበት መስመር ሁሉ ይታይ ነበር። ያንን እስክሞት አልረሳውም።

በዚህ ቢያበቃ ምናልባት እውጠው ነበር። ግን ልጄ ጽጌ ታጭታ ነበር። ያጫት ደረጀ የሚባል ጨዋ ወጣት ነው፤ አባት እናቱ ሞተው ያሳደገችው አክስቱ ወይዘሮ አስካለ ናት፣ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር። ከቃጠሎው በኋላ በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎች ላከች። ቡና እንኳ አልጠጡም። «ከቅጠል በጣሽ ቤት ልጅ አናመጣም ብላለች» አሉኝ። ጽጌ ከጓዳ ሆና ሰምታለች። አላለቀሰችም። ጅምር ቀሚሷን ከማንጠልጠያው አውርዳ አጣጥፋ፣ «አባዬ፣ ይኼን ለሌላ ሰው አስተካክለህ ሽጠው» አለችኝ።

አልሸጥኩትም። ቀሚሱን ሣጥን ውስጥ አስቀምጬ ማልኩ። መርሻን ያንን ቃል በዚያው አፉ አስውጠዋለሁ፣ ይህ ካልሆነ ጌታሁን አይደለሁም አልኩ። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰባት ጊዜ ለክቶ አንዴ መቁረጥ አውቃለሁ። ጠበቅሁ።

በዓመቱ፣ መስቀል አልፎ ጥቅምት ሲገባ፣ መርሻ ሱቄ መጣ። ብቻውን ነው።

«ጓድ ጌታሁን፣ ከላይ መመሪያ መጥቷል። እያንዳንዱ ቀበሌ በአካባቢው ያለውን ለሕዝብ የሚጠቅም የዱር ተክል ይመዝግብ ተብሏል። ያ የእሑድ ቡድንህ እንደገና ይቋቋም። ሰብሳቢው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አምና ያቃጠልነው ምን ነበር ጓድ?»

ትንሽ አሰበ። «ያ አድኃሪ ቅጠል ነው» አለ። «ይኼ ተራማጅ ቅጠል ነው።»

ከድር ከጎን ሱቁ ውስጥ ሆኖ ሰምቶ ሳቁን በሳል ሲሸፍን ይሰማኛል። እኔ ግን አልሳቅኩም። «እሺ ጓድ» አልኩ። «የሴቶች ማኅበርም ይወከል እንጂ። ወይዘሮ አስካለ ትምጣ።» ምን እንደማደርግ ገና አላውቅም ነበር፤ ነገር ግን አንድ ነገር ከተፈጠረ እሷ እንድታይ ፈለግሁ።

እሑድ ጠዋት አምስት ሆነን ወረድን፤ መርሻ፣ ወይዘሮ አስካለ፣ መምህርት ሮማን፣ ከድርና እኔ። ጥቅምትን ላፍቶ ላይ ያላየ ሰው ምን አየ ይባላል? የክረምቱ ጭቃ ጠጥሯል፤ ወንዙ ጠርቷል፤ አደይ አበባው እየጠወለገ ሌላው ተራውን ይዟል። የአዞ ሐረግ አጥሩን ሁሉ ነጭ አልብሶታል። ከማሳው ዳር ኮሸሽላው እሾሁን አሹሎ ቆሟል። አሠራራችን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው፤ አንዱ ያያል፣ አንዱ ይጽፋል። ብቻውን የበቀለ አይነቀልም። ቅጠሉ በጣት ታሽቶ ይሸተታል፣ አይቀመስም። ይህን ሁሉ ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

መርሻ መሐላችን ሽጉጡን ታጥቆ ይንጎራደዳል።

«ይኼ ምንድነው?» ይላል።

«ግራዋ።»

«ጥቅሙ?»

«ጋን ይታጠንበታል፣ ይታጠብበታል።»

«‹ለሠፊው ሕዝብ ንጽሕና› ብለሽ ጻፊ» ይላታል ሮማንን። ሮማን ሳታየው ትጽፋለች።

ከድር አንድ ለምለም ሳማ አጠገብ ቆሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ጌታሁኔ፣ ይኼን ዝም ብለን እናልፈዋለን? ሰብሳቢያችን ደክሟቸዋል፣ ቁጭ ይበሉበት እንጂ።»

«ዝም በል አንተ! ታስጨርሰናለህ።»

«እኔ ምን አልኩ? ለስላሳ ወንበር ነው ያልኩት!»

ወይዘሮ አስካለ ግን ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ከእኔ ታሸሻለች። እሾህ ቀሚሷን ሲይዛት ጎንበስ ብዬ ባላቅቅላት እንኳ «እግዜር ይስጥልኝ» ያለችው ለእሾሁ ይመስል ነበር።

ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ስንደርስ መርሻ ድንገት፣ «እናንተ ሦስታችሁ ሽቅብ ውጡ፤ እኔና ጓድ ጌታሁን ይኼን ታች ያለውን እናያለን» አለ። ሄዱ። ድምፃቸው እስኪርቅ ጠበቀ። ጉሮሮውን ጠረገ። ቆቡን አውልቆ እንደገና አደረገ።

«ጋሼ ጌታሁን» አለኝ።

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። በሕይወቱ «ጓድ» ካልሆነ «አንተ» ብሎኝ እንጂ ጋሼ ብሎኝ አያውቅም።

«አንድ ወዳጅ አለኝ» አለ፣ ወንዙን እያየ። «ካገባ ቆይቷል። ልጅ እምቢ አለው። እርስዎ... ለዚህ የሚሆን ቅጠል ያውቁ ይሆን?»

«ወዳጅዎ ሐኪም ዘንድ አልሄዱም?»

«ሄደን ነበር። ሁለታችሁም ጤነኞች ናችሁ ነው ያሉን...» አለና ምላሱን ነከሰ። ፊቱ ጠቆረ። «ታውቃለህ እንግዲህ!» ሊል የፈለገ መሰለኝ፤ ግን አላለም። ድምፁ ዝቅ አለ። «ከእንግዲህ አልጠብቅም፣ ወደ እናቴ ቤት እሄዳለሁ እያለች ነው። ለማንም እንዳይነግሩብኝ።»

አንባቢዎች ሆይ፣ እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ያዘናችሁለት ካላችሁ፣ በሕዝብ ፊት ክብሪት ተወርውሮላችሁ አያውቅም። እኔ በዚያች ቅጽበት ደስ ነው ያለኝ። ዓመት የጠበቅሁት ጨርቅ በእጄ ገባ፤ የቀረኝ መቁረጥ ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ደግሞ አንተ አልኩት።

«አለ» አልኩት። «ግን ሥርዓቱ ከባድ ነው። ትችለዋለህ?»

«ምንም ይሁን።»

«እሺ። ብረት የቀረበው ቅጠል ይሞታል። ሽጉጥህን፣ ሰዓትህን፣ ደረትህ ላይ ያለችውን አርማ አውልቀህ እዚያ ግራር ላይ ታንጠለጥላለህ። ከዚያ ከወገብህ በላይ ያለውን ልብስ ታወልቃለህ። በባዶ እግርህ፣ ፊትህን ወደ ምሥራቅ አዙረህ፣ አፍህን ዘግተህ ትበጥሰዋለህ።»

እያንዳንዱ ቃል አምና ጠረጴዛ ላይ ቆሞ የከሰሰኝ ራሱ ነው። በሕይወቴ አንዱንም አድርጌ የማላውቀውን ያንን ክስ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ እንደ መድኃኒት አዘዝኩለት። ያውቀዋል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን ዓይኑ በራ።

«አውቅ ነበር!» አለ። «እንደዚህ መሆኑን አውቅ ነበር! አላልኩም?»

«ብለሃል» አልኩት። «አሁን ዋናውን ስማ። ከበጠስክባት ሰዓት ጀምሮ፣ ቅጠሉን በግራ እጅህ ይዘህ ቤትህ ገብተህ ከሚስትህ ትራስ ሥር እስክታኖር፣ ከዚያም ፀሐይ እስክትጠልቅ ለማንም አንዲት ቃል አትተነፍስም። ንጉሥ ቢመጣ...»

«ንጉሥ የለም» አለ ከልማድ።

«ማንም ቢመጣ! ከተናገርክ በሩ ለዘላለም ተዘጋ በለው። ሌላው፣ እኔም አጠገብህ መኖር የለብኝም።»

ተክሉን አሳየሁት። አቱች ነበር፤ በየመንገዱ ዳር የሚበቅል፣ ትንንሽ ሐምራዊ አበባ ያለው፣ ማንንም የማይጎዳ ምስኪን ነገር። የመጀመሪያዋ ካርቶኔ ላይ የሰፋኋት አበባ እሷ ነበረች። እሱ ሽጉጡን መፍታት ሲጀምር እኔ ሽቅብ ተራመድኩ። ቁጥቋጦው ሲሸፍነኝ ሮጥኩ። ወገቤን አላመመኝም።

ሦስቱ ቀጋ ሥር ቁጭ ብለው ዳቦ ይበላሉ።

«ኑ!» አልኳቸው። «እስከ ዛሬ መዝግበን የማናውቀው ነገር አገኘሁ። ቀስ ብላችሁ ኑ፣ ኮሽታ እንዳይሰማ።»

«ተክል ኮሽታ ምን ያደርገዋል ጋሼ?» አለች ሮማን። «ይሸሻል?»

«ይኼኛው እግር አለው።»

ከድር ዳቦው አፉ ውስጥ እንዳለ ተነሣ። ወይዘሮ አስካለ እያመነታች ተከተለች። ቅርንጫፉን በእጄ ገለጥ አደረግሁላቸው።

መርሻ ከወገቡ በላይ ራቁቱን፣ በባዶ እግሩ፣ ሱሪውን እስከ ባቱ ጠቅልሎ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ቆሟል። ያ ዝቅ ያለ የግራ ትከሻው ያለ እኔ ካኪ ራቁቱን ወጥቷል። እጁ ላይ አንዲት አቱች ይዟል። ከግራሩ ላይ ሽጉጡና ካኪው ተንጠልጥለዋል።

«በስመ አብ!» አለች ወይዘሮ አስካለ።

ዞረ። አየን። አፉን ከፈተ። እኔም በፍጥነት በእሱና በግራሩ መሐል ገብቼ ቆምኩ። በዚያች ሰዓት አንዲት ቃል ቢናገር፣ ‹ይህ ሰው ነው ያዘዘኝ› ቢል፣ ማታውን የት እንደማድር አውቃለሁ፤ ብዙ ሰው ከዚያ አልተመለሰም። ጠበቅሁ። አፉ ተከፍቶ ቆየ። ከዚያ ግራ እጁን አየ፣ ቅጠሏን አየ፣ ከንፈሩን ገጠመ። ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ይሰማ ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አመመዎት እንዴ?» አለች ሮማን።

ዝም።

«ይኼ ተራማጅ ቅጠል ነው አድኃሪ?» አለ ከድር።

ዝም። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገትሯል።

እኔ ግን ጥያቄዬን ተዘጋጅቼበት ነበር። ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«መርሻ! አምና ሕዝብ ሰብስበህ ቅጠል በጣሽ ነው ያልከው ማንን ነው? እኔን አይደለም?»

ዓይኔን አየ። መካድ አይችልም፤ ለመካድ መናገር አለበት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ አዎ ማለቱ ነው።

«እኔ ልብሴን አውልቄ ቅጠል ስቆርጥ በዓይንህ አይተሃል?»

ጭንቅላቱን ወደ ግራና ቀኝ አወዛወዘ።

«ታዲያ ውሸት ነበራ?»

ላብ ከግንባሩ ወደ ዓይኑ ወረደ። እጁን ሊያነሣ ፈልጎ ቅጠሏን አስታወሰ፣ ተወው። ነቀነቀ።

ወይዘሮ አስካለ ከኋላዬ ወጥታ ፊቱ ቆመች። የዚያችን ሴት ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። «ቤቴ ድረስ መጥተህ፣ ‹ልጁን ከዚያ ቤት አታጋቢ፣ ዕፅ አለባቸው› ያልከኝም ውሸት ነው? የእህቴን ልጅ ከሰው አጣልቼ፣ ያቺን ልጅ አንገት አስደፍቼ... ለውሸት ነው?»

ይህን እኔም አላውቅም ነበር፤ ቤቷ ድረስ ሄዶ እንደነገራት። ደሜ እንደገና ፈላ። እሱ ነቀነቀ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ግን አንዲት ቃል አልወጣውም።

«ጋሼ፣ ይበቃል» አለች ሮማን፣ እጄን ይዛ።

አልበቃኝም። አንድ የቀረ ጥያቄ ነበረኝ፤ ዓመት ሙሉ መኪናዬን ስረግጥ የማኝከው። «ለምን?» አልኩት። «ካኪህን ሰፋሁልህ። ትከሻህን አቀናሁልህ። ምን አደረግሁህ?»

አየኝ። ይህ በራስ ንቅናቄ የሚመለስ አልነበረም። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን የለም። ያኔ ገባኝ፤ አፉን የዘጋሁበት እኔው ነኝ። የበቀሌ ትልቁ መልስ እዚያው ራሴ የሰፋሁት ኪስ ውስጥ ቀረ።

ካኪውን ከግራሩ አውርጄ ትከሻው ላይ ጣል አደረግሁለት። ቁልፎቹን አዛብቶ ቆለፋቸው፤ ሽጉጡን ሮማን በጨርቅ ጠቅልላ ያዘችለት። ከላፍቶ እስከ ጎፋ ሕዝብ እያየው፣ ቅጠሏን በግራ እጁ ወደ ላይ ይዞ፣ በባዶ እግሩ ሄደ። የቀበሌው ዘብ ተረከዙን አጋጭቶ ሰላምታ ሰጠው፤ አልመለሰም። ሴቶች ከየበራቸው ወጡ። «ምን ነካቸው?» ሲባል ከድር ከኋላ እየተከተለ፣ «ምዝገባ ላይ ነን» ይላል።

ሰኞ ጠዋት ዘቡ መጣ። «ሊቀመንበሩ ይፈልጉሃል።» ጽጌን ብርድ ልብስ አስይዤ ሄድኩ፤ እዚያ ታስሮ የገባ ብርድ ልብስ ያስፈልገዋል። መርሻ በሩን ዘጋ። ሽጉጡ ጠረጴዛው ላይ ነው። 

ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «ጋሼ» አለኝ፣ «አንዲት ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት አስነጠሰኝ። ማስነጠስ ንግግር ነው?»

በእግዜር ስም እምላለሁ፣ ልስቅ ትንሽ ቀረኝ። ሰውየው ሌሊቱን ያልተኛው እኔን እንዴት እንደሚያስር እያሰበ አልነበረም። ቁርጤን ቆረጥኩ።

«እንደ ሰውዬው ነው» አልኩት። «በሐሰት ስሙን ያቃጠለው ሰው ያለበት ከሆነ፣ ማስነጠስም ንግግር ነው። ስሙን በአደባባይ ከመለሰለት ግን፣ ማስነጠስ ማስነጠስ ብቻ ነው።»

በሚቀጥለው እሑድ ሕዝብ ተሰበሰበ። መርሻ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ወጣ። «በጓድ ጌታሁን ላይ አምና በዘመቻው ወቅት የተሳሳተ ግምገማ ተደርጓል» አለ። «ተደርጓል» አለ እንጂ «አደረግሁ» አላለም። ከመሐል እጄን አወጣሁ። «ማን ነው ያደረገው ጓድ?» ሕዝቡ ሁሉ ወደ መርሻ ዞረ። «እኔ» አለ። ያቺን አንዲት ቃል ከአፉ ስትወጣ ብታዩዋት! ጥርስ የተነቀለ ይመስል ነበር።

ሰዎች፣ በተለይ ቤተ ክርስቲያን የሚያዘወትሩት፣ ‹በቀል የእግዚአብሔር ነው› ይሉኛል። እኔ እጁን አላጣመምኩም፤ በሰጠኝ መቀስ ነው የቆረጥኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አንድ ነገር ተለወጠብኝ፤ ፍርሃቴ ለቀቀኝ። የሚያስፈራራህ ሰው በአደባባይ በሚክደው ነገር ሳይሆን፣ በውስጡ በሚያምነው ነገር እንደሚሸነፍ ተማርኩ። መርሻ ሕዝብ ፊት አጉል እምነት ሲያቃጥል፣ በልቡ ያምነው ነበር። እኔ ደግሞ አላምንም ነበር፤ ስለዚህ እሱ ተያዘ፣ እኔ አልተያዝኩም። እናንተም ጠላታችሁ ምን እንደሚያምን ለኩ፤ ከዚያ ቁረጡ።

ያ ሰው ቅጠሉን የበጠሰበትን ምክንያት ለማንም እንዳልነገርኩበትም ይታወቅልኝ። ከድር እንኳ እስከ ሞቱ ቀን ሲጠይቀኝ ኖሮ አልሰማም። ልብስ ሰፊ የሰው ልክ አያወራም። አሁን የጻፍኩት ስሙን ቀይሬ ነው።

እንግዲህ ያን ጥቅምት የሠራሁትን ልቁጠርላችሁ።

በሐሰት የተቃጠለ ስሜን፣ ከቃጠሎው በበለጠ ሕዝብ ፊት አስመልሻለሁ።

ወይዘሮ አስካለ ራሷ፣ ሽማግሌ ሳትልክ፣ በእግሯ መጥታ ጽጌን ለደረጀ ለምናለች። ያ የታጠፈ ቀሚስ ከሣጥን ወጥቶ ተጨርሷል፤ የመጨረሻዋን ቁልፍ ቀዳዳ የሰፋሁት በሠርጉ ጠዋት ነው።

ዕፅዋቴን እንደገና ሰብስቤ በክር ሰፍቻለሁ፤ የመጀመሪያዋ ካርቶን ላይ ያለችው መርሻ የበጠሳት አቱች ናት። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከትራስ ሥር አውጥቶ፣ «ምን ላድርጋት?» ብሎ ላከልኝ።

ዝቅ ያለ ትከሻውን ሁለተኛ አላቀናሁለትም።

በዓመቱ ሚስቱ ወንድ ልጅ ወለደች። ቅጠል ጆሮ የለውም ብያለሁ፤ ዛሬም እላለሁ። ሰውዬው ግን ሌላ ነው የሚያምነው፣ እኔም አልተከራከርኩትም። ልጁ አድጎ፣ ተምሮ፣ ወልዷል፤ ፋሲካ በመጣ ቁጥር መርሻ በዚያ ልጅ እጅ በግ ይልክልኛል።

በጉን እቀበላለሁ። አርጄ እበላለሁ። ከመላክተኛው ጋር ግን ሁልጊዜ አንዲት መልእክት እሰዳለሁ፤ «አባትህን ለምን ብለህ ጠይቅልኝ።» ልጁ ሄዶ ይጠይቃል፤ ሲመለስም ሁልጊዜ የሚነግረኝ አንድ ነው። አባቱ ዝም ብሏል።